በቦዩ ላይ የሚጠራ ስም

ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮቢት፣ ከአባባ ቤት

ለወንድሜ ለዒምራን ረመዳን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን አሥራ አራት ዓመት በአንድ «እንዴት ከረምክ» አይጠየቅም፤ እሱን ፊት ለፊት ስንገናኝ እጠይቅሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሂባም ደህና ናት። አንተ ስትሄድ ገና አልተወለደችም፤ አሁን ቆቦ ትማራለች፣ በቁመት እኔን አልፋ ልብሴን እየለበሰች አስቸግራኛለች። ከብቶቹ ደህና ናቸው። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ራሱን ደፍቷል። ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈው ከባድ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሮቢቱ ዘላለም፣ ከባድ መኪና የሚነዳው፣ መኪናውን አስፋልት ዳር አቁሞ በእግሩ እስከ ደጃችን መጣ። ዘላለም ቤት ለቤት የሚዞር ሰው አይደለም፤ እንዲያ ሲመጣ ሳየው ደነገጥኩ።

«መይሙና፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ወንድምሽን አገኘሁት» አለኝ።

የያዝኩትን ጀሪካን መሬት አስቀመጥኩና «የትኛውን ወንድሜን?» አልኩት፤ ከአንተ ሌላ ወንድም እንዳለኝ ሁሉ።

«ዒምራንን ነዋ። ጭነት ሲያወርዱ በድምፁ ነው ያወቅኩት፤ ሲጣራ ልክ እንደ አባቱ ነው። ሸብቷል፤ ግን ደህና ነው፣ ሠርቶ ያድራል።»

«ምን አለህ?»

«ስለ አገር ምንም አልጠየቀኝም። አንድ ነገር ብቻ። ‹አባቴ ስሜን ያነሳል?› አለኝ። ምን ልበለው? የአባታችሁን ነገር ልንገረው ብል አፌ እሺ አላለኝም። ‹አላውቅም› ብዬው መጣሁ።»

ደግ አደረግክ አልኩት። ነገ ተመልሶ ወደዚያው ስለሚሄድ መልሱን ጽፌ እንድሰጠው ተስማማን። ስልክ ቁጥርህን እንኳ አልሰጠኸውም። ብትሰጠውም ይህን በስልክ መናገር አልችልም ነበር፤ ገና «ሄሎ» ስትለኝ አለቅስና ካርዱ ያልቃል።

ዒምራኔ፣ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ብቻህን ከሆንክ አጠገብህ ያለውን ሰው ጥራ። አባባ ወደ አኼራ ሄዷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ሚያዝያ 17 ቀን፣ ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ብዙ አልተሠቃየም። ከመስጊድ መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ፊቱን እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ አዞረ። ውሃ ይዤለት ስመጣ ሄዷል። ጀናዛውን የሸኘው ሰው ከሮቢት እስከ መቃብሩ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ከቆቦም ከጎብዬም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። አንተ ሳትኖር መቀበሩ አንጀቴን በልቶታል። ግን ይህን ደብዳቤ ለለቅሶ አልጀመርኩትም፤ ሐዘኑን እዚህ ላይ ይብቃህ። የምሥራች አለኝ፤ የምሥራቹ የሚገባህ ግን ከሥሩ ስነግርህ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ። አባባ በዚህ ቤት ውስጥ ስምህን አንሥቶ አያውቅም። አንድም ቀን። በዒድም፣ ሰው በሞተብንም፣ ራሱ በታመመም ጊዜ አላነሳውም። ልዋሽህ አልፈልግም። ይህን ስታነብ ደብዳቤውን አጣጥፈህ ኪስህ ልትከተው እንደምትችል አውቃለሁ። ግትርነትህን አውቀዋለሁ፣ ከእሱ ነው የወረስከው። በአላህ ይዤሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያን ነሐሴ መቼም አትረሳውም። ደጋው ላይ ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ ወደ ቦያችን የሚመልሰውን የአፈር ግድብ የመጠበቅ ተራው የእኛ ቤት ነበር፤ ጠባቂው አንተ። አንተ ግን አልነበርክም። ግድቡ ተደረመሰ፤ ጎርፉ የእኛንም የጎረቤቶቻችንንም ማሽላ ከነአፈሩ ጠርጎ ወደ አፋር ወሰደው። በማግስቱ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አባባ «የት ነበርክ?» አለህ። ዝም አልክ። ሦስት ጊዜ ጠየቀህ፣ ሦስቴም ዝም አልክ። «ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ውስጥ የዚህ ልጅ ስም አይነሳ» አለ። በዚያው ቀን ሄድክ።

የት እንደነበርክ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጎብዬ ነበርክ፣ እኔ ዘንድ። የሁለት ወር ሙሽራ ሆኜ «ልሞት ነው፣ ድረስልኝ» ብዬ ሰው ላኩብህ። እንኳን ሞት ጉንፋንም አልነካኝም ነበር፤ ቤታችን ናፍቆኝ ነው። አንተ እውነት መስሎህ ያን ሁሉ መንገድ በእግርህ መጣህ፣ እስኪነጋም ስታባብለኝ አደርክ። አባባ ሲጠይቅህ ዝም ያልከው አማቶቼ ዘንድ እንዳላፍር ነው። እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ትዳሬ ፈርሶ በ2010 ሂባን ይዤ ስመለስ ነው ለአባባ የተናገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ለምን አልነገረኝም?» አለ። ያን ሲል እንኳ ስምህን አልጠራም። ተነሥቶ ወደ በረት ሄደ።

አሁን ወደ ኑዛዜው ልምጣ። ያስጻፈው ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ እዚሁ ቤት፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ አራት ምስክር ባለበት። ጸሐፊው የመስጊዳችን ኢማም ሸህ አሊ ነበሩ። እኔን «አንቺ ውጪ ቆዪ» ብሎኝ በር ላይ ዶሮ ሳባርር ቆየሁ። ከአርባው ሶደቃ በኋላ ሸህ አሊ ሽማግሌዎቹን እኛው ግቢ፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ሰበሰቡና ወረቀቱን አውጥተው አነበቡት። ቤቱና ጓሮው ለእኔ። ከብቶቹን ቃዲው በሸሪዓው ያካፍሉን። ቀጥሎ የታችኛው ማሳ መጣ። ያቺ ጎርፍ የሚያጠጣት፣ ደለሏ እስከ ጉልበት የሚያሰጥም፣ ከአያታችን ጀምሮ የበላንባት ማሳ። ቃሉ በቃል እንዲህ ነው፦

«የታችኛው ማሳዬ በቦዩ ላይ ስማቸው ለሚጠራ ልጆቼ ይሁን። ስሙ የሚጠራ ልጅ ከሌለ ወንድሜ ሙህዲን ይረከበው።»

ሸህ አሊ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። «እኔም በጊዜው ግራ ገብቶኝ ነበር» አሉ። «‹ረመዳን፣ የልጆችህን ስም ጥራልኝና ልጻፍ› ስለው ‹በዚህ ቤት አልችልም፤ እንዳልኩዎት ይጻፉት› አለኝ።»

አጎታችን ሙህዲን ክፉ ሰው እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ችኩል ነው እንጂ። የሚያርሰው ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ ቦይ ስለሆነ የእኛን ቦይ ነገር በሩቁ ነው የሚያውቀው። ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «መይሙና ሴት ናት፤ በቦይ ላይ ሴት ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ዒምራን ከሄደ አሥራ አራት ዓመቱ። ሦስት ዓመት ያልመለሰ ስም እንደሚሰረዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንኳን ስሙ ራሱም በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ወንድሜ ማሳውን ለእኔ ያለው በዘዴ ነው።»

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልክ መሰለኝ። አባባ እስከ መጨረሻው አልማረህም፣ ከማሳዋም ነቀለህ ብዬ አዘንኩበት። ከሞተ በኋላ እንኳ ተቀየምኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ታረቀኝ ዞረ። የቦያችን የውሃ አባት፣ ውሃውን የሚመሩት፣ ዛሬም እሳቸው ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን በየሰኔው፣ ጎርፍ ሳይመጣ፣ ቦዩ ሲጠረግ የባለማሳውን ስም ሁሉ በቃላቸው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ወረቀት አይዙም። የማን ስም እንደሚጠራ የሚያውቁት እሳቸው ናቸዋ።

ጋሽ ታረቀኝ ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እኔ እዚህ አልናገርም» አሉ። «ረመዳን አማና ብሎኛል። የቦዩን ነገር ከቦዩ አላወጣም ብዬዋለሁ። የሞተ ሰው አማና አይፈታም። ሰኔ አሥራ አራት ጠረጋ ነው፤ መስማት የፈለገ እዚያው ይምጣ።»

«ኧረ በአላህ፣ ጋሽ ታረቀኝ፣ አዎ ወይም አይደለም ለማለት ምን ያስቸግራል?» አለ አጎታችን።

«አስቸገረኝ አላልኩም። አልናገርም ነው ያልኩት።»

ሸህ አሊም «አማና ካለ እንጠብቃለን» ብለው ጉባኤውን በተኑት። በመሀሉ ሁለት ሳምንት ነበር። አጎታችን አላስቻለውም፤ አንድ ቀን ስኳርና ሳሙና ይዞ፣ ሽማግሌም ሳያስከትል መጣ። ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። አንተ እንደሞትክ ይቆጠር ብዬ እንድፈርም ነው።

«ልጄ፣ ማሳዋን እኔ ላርሳት፤ ከምርቱ ለአንቺም ለሂባም አላንስም። ጎርፍ ጥለፊ ብትባይ አትችይ፤ ዝም ብላ ጾሟን ከምታድር» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ የሚያዝንልኝ መስሎት ነው።

«አጎቴ፣ ያላየሁትን ሬሳ አልፈርምበትም» አልኩት።

«አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው።»

«እኔም እየቆጠርኩ ነው» አልኩት። ስኳሩን አስቀርቼ ወረቀቱን መለስኩለት።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ደጁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ በእኔ ምክንያት ከቤት ወጥተሃል። አሁን ስምህ ከቦዩ ቢሰረዝ፣ ሁለተኛም በእኔ እጅ ጠፋህ ማለት ነው። የማሳዋ ነገር ቀላል አይደለም፤ እንጀራዬ ናት። ግን እምልልሃለሁ፣ ያን ሰሞን የምፈራው ስምህ ሲጠራ ዝም እንዳይባል ነበር። አባባ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ዓመታት በጠረጋ ሰሞን እንዴት እንደምጨቀጭቀው ትዝ ይለኝ ጀመር። ሰው ድርሻውን በአንድ ቀን ጨርሶ ይገባል። አባባ ግን ሦስት ቀን ይፈጅበታል። እጁ ውሃ ቋጥሮ፣ ወገቡን ይዞ ይመጣና ይተኛል። «አርጅተሃል አባባ፤ የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን እየፈጀብህ ሰው አታስቀን፤ ሰው ቅጠርበት» እለዋለሁ። «እውነትሽን ነው፣ አርጅቻለሁ» ይለኛል።

ሰኔ አሥራ አራት ጠዋት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። የአባባን አካፋ ከግድግዳው አወረድኩ። እጀታው መሃሉ ላይ በእጁ ተበልቶ ቀጥኗል፤ ስጨብጠው የእሱን እጅ የጨበጥኩ መሰለኝ። ቦዩ አፍ ስደርስ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ቆመዋል። «መይሙና፣ ምሳ ይዘሽ መጣሽ እንዴ?» አለኝ አንዱ። «አይ፣ የአንተን ምሳ ሚስትህ ታምጣ» አልኩት፤ ሳቁበት። ሸህ አሊና ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ተቀምጠዋል። አጎታችንም በአዲስ ሽርጥ መጥቷል።

የቦዩን ሕግ ከረሳኸው ላስታውስህ። ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል። አካፋ የያዘ «አለ» ብሎ ይመልሳል። ባለስሙ ከሌለ ቤተሰቡ ሊመልስለት ይችላል፤ ግን የመለሰ ይጠርጋል። ለአንድ ስም በውሃ አባቱ ዘንግ አሥር ዘንግ ቦይ ይለካል፤ ሁለት ስም የመለሰ ሃያ ዘንግ ይጠርጋል። ያልተጠረገለት ስም እንደሌለ ይቆጠራል።

ጋሽ ታረቀኝ ከላይ ጀምረው ጠሩ። እያንዳንዱ «አለ» እያለ ወደ ድርሻው ወረደ። ከዚያ «ረመዳን አሊ» አሉ። ሰው ሁሉ «አላህ ይርሐመው»፣ «ነፍስ ይማር» አለ። እኔ አካፋውን ከፍ አድርጌ «አለ» አልኩ። ጋሽ ታረቀኝ አላስተባበሉኝም። አጎታችን ትከሻውን ነቀነቀ፤ እስከዚህ ድረስ አልከፋውም።

ቀጥለው፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፣ «ዒምራን ረመዳን» አሉ።

ዒምራን፣ ጆሮዬን አላመንኩም። አሥራ አራት ዓመት በቤታችን ያልተነሳውን ስም ክርስቲያኑ ሽማግሌ በሜዳ ላይ፣ እንደ ማንም ሰው ስም፣ ጮክ ብለው ጠሩት። አጎታችን ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ምን ማለት ነው ይሄ? ይሄ ስም እስካሁን አልተሰረዘም?»

«ተመልሶለት እንዴት ይሰረዛል?» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። «አሁን ቦዩ ላይ ነን፣ አሁን ልናገር። ልጁ በሄደ በዓመቱ ስሙን ጠራሁ። ዝም ይባላል፣ አባትየው ምሏል ብዬ ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ ረመዳን ‹አለ› አለኝ። ‹ስሙ አይነሳ ብለህ የለ?› ስለው ‹እሱ በቤቴ ነው፤ ይህ ቤቴ አይደለም› አለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ሰኔ መልሷል፣ አሥራ ሦስቱንም ጠርጓል። እናግዝህ ስንለው ‹የልጄን እኔው› ነው መልሱ። ነገሩ ከዚህ እንዳይወጣ አማና ያለን ሁላችንንም ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ሸሽቶ ስምንት ሆነን በወጣንበት ሰኔ እንኳ የልጁን ሳይጠርግ አልገባም።»

ሠላሳውም ወንድ መሬት መሬት ያያል። ሁሉም ያውቁ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሚስቶቻቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ስማኝ፣ ይህን ለይተህ ያዝልኝ። ጎብዬ መሆንህን ለአባባ የነገርኩት በ2010 ነው። እሱ ግን ከ2004 ጀምሮ መልሶልሃል። ምክንያትህን ሳያውቅ፣ ጥፋተኛ ነህ ብሎ እያመነ፣ ከሄድክ በዓመቱ ጀምሮ ነው «አለ» ያለልህ።

ጋሽ ታረቀኝ ዘንጋቸውን መሬት መቱ። «ሁለተኛ፣ ዒምራን ረመዳን።» አካፋውን ከፍ ላደርግ ብዬ መልሼ አወረድኩት። አጎታችን ያየኛል። ሸህ አሊ ያዩኛል። ያን ቀን በሕይወት መኖርህን አላውቅም፤ የዘላለም ወሬ ገና አልመጣም። የሌለ ሰው ቢሆንስ? ብዬ አሰብኩ። «ሦስተኛ፣ ዒምራን ረመዳን።»

«አለ!» አልኩ። እንዲህ ጮኼ አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማ ብለውኛል።

ጨርሻለሁ ብዬ ወደ ቦዩ ልወርድ ስል ጋሽ ታረቀኝ ሌላ ስም ጠሩ። ማንም አልመለሰም። ደገሙት። ዞር ብዬ «ማነው የማይመልሰው?» ብዬ ሰዉን አየሁ። ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። ከዚያ ነው ጆሮዬ የያዘው። «መይሙና ረመዳን» ነው የሚሉት።

«ሴት አትጠራም ትላላችሁ እንጂ እንዲህ የሚል ሕግ የለም፤ የጠየቀ ስላልነበረ ነው» አሉ ጋሽ ታረቀኝ። «በ2010 ረመዳን መጥቶ የልጄን ስም አስገቡልኝ አለ። አሥር ዘንግ ይጨመርብሃል አልኩት። ይጨመር አለ።»

ሦስቱ ቀን ያ ነበር፣ ወንድሜ። አንዱ የራሱ፣ አንዱ የአንተ፣ አንዱ የእኔ። አርጅተሃል እያልኩ የጨቀጨቅኩት ለእኔ አሥር ዘንግ ሲቆፍር ነበር። ስሜን ሲጠሩት በሦስተኛው «አለሁ» አልኩ፤ «አለ» መባሉን ረስቼ። ማንም አላረመኝም።

ሠላሳ ዘንግ ተለካልኝ። ወንዶቹ ሊያግዙኝ መጡ። «የአባቴን፣ የወንድሜንና የራሴን እኔው» አልኳቸው፤ ዕብሪት ይዞኝ ነበር። ማታ እጄ ማንኪያ አይዝልኝም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስመጣ የአባባን አሥር ዘንግ ሰው ጀምሮታል። ደለሉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ የቆመው፣ አዲሱን ሽርጡን ጭቃ ያስበላው፣ አጎታችን ሙህዲን ነው። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ወንድሜ ነው። የወንድሜን መጥረግ አትከለክይኝም» አለ።

አልከለከልኩትም። ጥቂት ቆይቶ አካፋውን ተክሎ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። «አሥራ ሦስት ዓመት፣ ወንድሜ ይህን ሲሠራ ማዶ ሆኜ አላየሁም» አለ። ሁለታችንም እዚያው ቦዩ ውስጥ አለቀስን። ከዚያ ጠረግን። በሦስተኛው ቀን የአሱር ሶላት ሳይደርስ የመጨረሻዋን አካፋ አፈር አውጥቼ ከቦዩ ወጣሁ። ጋሽ ታረቀኝ በዘንጋቸው ጥልቀቱን ለክተው «የረመዳን ልጅ» አሉኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም።

ሸህ አሊ የሰሙትን በቃለ ጉባኤ ጻፉ፤ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፤ በመጀመሪያ የፈረመው አጎታችን ነው። ቆቦ መሬት አስተዳደር አብሮኝ የተመላለሰውም እሱ ነው፤ ወረፋ ስይዝ ጥላ ይይዝልኛል። በነሐሴ አዲሱ ደብተር ወጣ። የታችኛው ማሳ፣ ባለይዞታ መይሙና ረመዳንና ዒምራን ረመዳን ይላል። የእኔ ፎቶ ተለጥፏል፤ ደንግጬ ነው የተነሣሁት፣ ታያለህ። የአንተ ቦታ ባዶ ነው። ጸሐፊዋ «ፎቶው ሲመጣ ይለጠፋል» ብላ አጠገቡ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች።

ጎርፉም መጣ። ሐምሌ ላይ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደጋው ጠቁሮ ዋለ። ከቀትር በኋላ ወንዙ ሲያጓራ ሰማን። ግድቡ ላይ ተራ ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ። ቀዩ ውሃ ታጥፎ ቦዩ ውስጥ ሲገባ፣ እኔና አጎታችን በጠረግነው ሠላሳ ዘንግ ላይ ሳይቆም፣ ሳይዘል አለፈና የታችኛውን ማሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰው። አጎታችን ከማዶ አካፋውን እያወዛወዘ ሲጨፍር አየሁት። እኔም ጨፈርኩ። የአርባ ዓመት ሴት ነኝ፣ አላፈርኩም።

እና «አባቴ ስሜን ያነሳል?» ላልከው፣ መልሱ ይህ ነው። በየዓመቱ፣ ሠላሳ ሰው ፊት፣ ሲጠሩህ «አለ» ይል ነበር።

ጎብዬ ለጠራሁህ አፉ በለኝ። ዝም ስላልኩም አፉ በለኝ። አባባ አፉ ብሎኛል፤ አሥር ዘንግ የቆፈረልኝ ለዚያ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። አንተን ግን ራስህን «አፉ» ስትለኝ መስማት እፈልጋለሁ።

ለራሴ ከቆቦ ገበያ አዲስ አካፋ ገዝቻለሁ። የአባባ ግድግዳው ላይ ነው። አጎታችን እጀታውን ልቀይረው ቢል እምቢ አልኩት፤ እንዳለ ይቆይህ። በመጪው ሰኔ ጋሽ ታረቀኝ ቦዩ አፍ ላይ ቆመው ስምህን ሦስት ጊዜ ይጠሩታል። ሁለቱን ጊዜ ዝም እላለሁ። ካልመጣህ በሦስተኛው እኔ እመልሳለሁ፣ ደግሞም እጠርጋለሁ፣ እጄም ይላጥ። ግን ደክሞኛል፣ ዒምራኔ። ሦስተኛውን አንተ መልሰው።

አላህ መንገድህን ያቅልልህ። የአባባ ዱዓ፣ የተናገረውም ያልተናገረውም፣ ከኋላህ ይከተልህ። የእናታችን አፈርና የእሱ አፈር አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ ስትመጣ ሁለቱንም አብረን እንዘይራለን። ሂባ «አጎቴ ምን ያህል ይረዝማል?» ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

በቦዩ ላይ ከአንተ ቀጥላ የምትጠራው፣

እህትህ መይሙና ረመዳን